የለውጡን ዋጋ ማን ከፈለ? ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ከፎገራ ዳር ሲነበብ

ገድለ ወለተ ጴጥሮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1672 የተጻፈ የግእዝ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ሲሆን፣ የጻፈው ባለገድሏ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ አብረዋት የኖሩትን እየጠየቀ ነው። ተአምሯና መልክኡ ከገድሉ ቀጥለው ይገኛሉ፤ መታሰቢያዋ ኅዳር 17 ቀን ይውላል። ምእመናን የሚያውቁት በበዓሏ ቀን እንደሚነበብ የቅድስት ገድል ነው። እኔ ደግሞ ስለ መሪነት እንደተጻፈ መጽሐፍ አድርጌ ላነበው እፈልጋለሁ። አንድ ክርስቲያን መሪ ከላይ ለውጥ ሲጫንበት፣ ወይም ራሱ ለውጥ ሲጀምር ምን ማድረግ እንዳለበት ከሚያሳዩን የአገራችን መጻሕፍት መካከል የዚህን ያህል ዘልቆ የሚሄድ አላገኘሁም።

ዛሬ የደብር አስተዳዳሪ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል ወይም የአጥቢያ መሪ እጅ የሚገባው የመሪነት መጽሐፍ አብዛኛው ከውጭ የተተረጎመ ነው። በውስጡ ጥሩ ነገር አለ። ነገር ግን ስለ ራእይ፣ ስለ ዕቅድና ስለ ማሳመን ብዙ ገጽ ሰጥቶ አንድ ጥያቄ ሲያልፍ አያለሁ፤ ለውጡ ሲመጣ የሚጎዳው ማን ነው? ገላውዴዎስ ይህን ጥያቄ በቃል አያነሣውም፤ ታሪኩ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ቦታውን ላስቀምጥ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ጉማራን ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። ከጉና በኩል የሚወርዱት ጉማራና ርብ በክረምት እየሞሉ የሚተኙበት ጥቁር መሬት ነው። ወረታ በዚህ ሜዳ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት መታጠፊያ ተቀምጣለች። ከወረታ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በደራ ወረዳ፣ በጣና ዳር ቆራጣ አለች፤ የወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ከእርሷ ሞት በኋላ የሰፈረባትና በስሟ ቤተ ክርስቲያን የተተከለባት ቦታ ናት። እርሷ ራሷ የተቀበረችበት የሬማ ደሴትም በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ሜዳው የሚያልቅበት የእንፍራዝ አካባቢ ይመጣል፤ ከዐፄ ሱስንዮስ መናገሻዎች አንዷ፣ ቆጋ፣ በዚያ ነበረች። አገሩን ወደ ካቶሊክነት ሊመልስ የታሰበው የለውጡ አዋጅ ከወጣባቸው ከተሞች አንሥቶ እምቢታው እስከተጠለለባቸው ደሴቶች ድረስ ያለው ምድር እንግዲህ ሰፊ አይደለም።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከትልቅ ቤት ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ ባሏ የሱስንዮስ አማካሪ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። እንዲህ ያለች ወይዘሮ በቤተ መንግሥት ጥግ ተቀምጣ ዘመኗን ልትጨርስ ትችል ነበር።

ሱስንዮስ በ1607 የነገሠው ከብዙ ውጊያ በኋላ ነው። መኳንንቱ አይረጉለትም፤ ድንበሩ በየአቅጣጫው ይናወጣል፤ ከአውሮፓ ጠብመንጃና ወታደር አገኛለሁ የሚል ተስፋም ነበረው። በዚህ መካከል በ1603 አገሩ ከገባው ከኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ጋር ተዋወቀ። ፓኤዝ ታጋሽ ሰው ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ ሕንፃ አነጸ፣ ከሊቃውንት ጋር ተከራከረ፣ የሰዉን ልማድ ሳይነካ ዓመታት ቆየ። እርሱ በ1622 ሲሞት ንጉሡ ካቶሊክነቱን በይፋ ገልጦ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነው። በየካቲት 1626 ንጉሡ በደንቀዝ ለሮም ጳጳስ መታዘዙን በመሐላ ካረጋገጠ በኋላ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ ታዘዘ። ጾሙና በዓሉ በሮም ሥርዓት እንዲሄድ ተደረገ። አርባ ዓመት የቀደሰ ቄስ ክህነትህ ከንቱ ነበር ተባለ። እናት ልጇ ያልተጠመቀ ሆኖ እንደሞተ ከአዋጁ ተረዳች። የዚህ ለውጥ ዋጋ ከቤተ መንግሥት አልወጣም፤ ከገበሬውና ከደብተራው ቤት ወጣ።

ገድሉ ይህን ሁሉ በዝርዝር አይነግረንም። ለገላውዴዎስ ነገሩ የሮሙ ጳጳስ የልዮን ሃይማኖት መግባት ነው፤ ንጉሡም ከሃዲ ነው፤ በዚህ ያበቃል። ፓኤዝንና ሜንዴዝን ማነጻጸር የሚፈልግ አንባቢ የኢየሱሳውያኑን መጻሕፍትና የንጉሡን ዜና መዋዕል ጎን ለጎን መክፈት አለበት። ይህ የገድሉ አንድ ጉድለት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። በሚያውቀው ነገር ላይ ግን፣ በአንዲት ሴትና በተከታዮቿ ሕይወት ላይ፣ ገላውዴዎስ ዓይኑ እጅግ የተሳለ ነው።

ከአዋጁ በፊት፣ ወለተ ጴጥሮስ ልትመነኩስ መጀመሪያ ከባሏ ቤት ስትወጣ ጌጧንና ልብሷን ትታ፣ ጥቂት ገረዶችን አስከትላ፣ በሌሊት ነው። ለምቾት የኖረ እግር በባዶው መንገድ ሲሄድ ደም እንደፈሰሰው ገድሉ ይነግረናል። ባሏ ጭፍራውን ይዞ ተከተላት። ተሸሽጋበታለች በተባለው አገር ላይ ወታደሩን ለቀቀበት፤ የሰው ሀብት ተዘረፈ። እርሷ ይህን ስትሰማ ከተደበቀችበት ወጥታ ወደ ባሏ ተመለሰች። የእርሷ መንፈሳዊ ዓላማ በሌላ ሰው ጎተራና በሌላ ሰው ከብት እንዲከፈል አልፈቀደችም።

ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ገድል ጸሐፊ ሁሉ የቅዱሱን ሽሽት ሲጽፍ ማምለጡን ያከብራል፤ መልአክ ይሰውረዋል፣ አሳዳጁ ይታወራል። ገላውዴዎስ ግን መመለሷን ጻፈው። ባለገድሏ የተሸነፈች የምትመስልበትን ቦታ አልዘለለም። እንደ እኔ ከመጽሐፉ ውስጥ ስለ መሪነት የተጻፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ትክክለኛ ዓላማ የያዘ መሪ እንኳ ዓላማው ሌሎችን ሲያስጨርስ ባየ ጊዜ ማቆምና ሌላ መንገድ መፈለግ ይችላል። ሌላው መንገድም ተገኘ። ሥጋ አልበላም አለች፣ ጾመች፣ በባሏ ቤት እየኖረች ከባሏ ኑሮ ተለየች። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደል መልክአ ክርስቶስ ከገዳዮቹ ወገን ነበር፤ የጳጳሱም ልብስ በእጁ ገባ። ያንን ባየች ጊዜ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር አልኖርም አለችው፤ አሁን የሚከለክላት አልነበረም። መነኮሰች።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋልድባና ወደ ጸገዴ ሄዳ በቅዳሴ ላይ የከሃዲውን ንጉሥ ስም አትጥሩ እያለች አስተማረች። በዚያ ዘመን ይህ ከዓመፅ አይለይም። በአደባባይ ቆማ ተከሰሰች፤ በአማላጅ ከሞት ተርፋ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዠበል ወደሚባል በረሃ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ያስፈራራት የነበረው ጠባቂዋ በኋላ አክባሪዋ ሆነ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሰዎች እየተከተሏት ወደዚያ በረሃ መውረዳቸው ነው። በስደት ላይ ያለች ሴት፣ ሥልጣን የላት፣ ርስት የላት፣ የምትሰጠው እንጀራ የላት፤ ዙሪያዋን ግን ወንድና ሴት መነኮሳት ተሰበሰቡ። ገድሉ ክርስቶስ ተገልጦላት ብዙ ነፍሳት እንደሚያስጠብቃት ሲነግራት አይቻለኝም ብላ እንደተከራከረች ይተርካል። ማኅበሯ የተጀመረው በዚያ ነው፤ ቀጥሎም ጭንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛና ሌሎችም ተከተሉ፤ ገድሉ ሰባት ማኅበራትን ይቆጥራል።

ይህች ሴት ለሮም ሥርዓት እምቢ በማለቷ የጥንቱ ጠባቂ ተደርጋ ትታያለች። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣችው እርሷ ናት ማለት ይቻላል። ወንድና ሴት መነኮሳት በአንዲት ሴት መሪነት የሚኖሩበት ማኅበር አቆመች። የግል ሀብት የለም፤ ማዕዱ አንድ ነው፤ ወንዱና ሴቱ በየክፍሉ ነው፤ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ለውጥ አዋጅ አልወጣም፣ ነጋሪት አልተጎሰመም። ሰዉ የተቀበለው እርሷን ሲሠራ ስላያት ነው።

ገላውዴዎስ ሥራዋን በዝርዝር ያሳየናል። የባላባት ልጅ ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ይህን ዛሬ በቀላሉ እናነበዋለን፤ በድንጋይ ወፍጮ ፊት የተንበረከከ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መጁን በሁለት እጅ ይዞ፣ ከወገብ ወደፊት እየተወረወሩ፣ ጉልበት መሬት ላይ ሆኖ፣ ከመሸ ጀምሮ ዶሮ እስኪጮህ መፍጨት ነው። በዚያ ዘመን ይህ የገረድ ሥራ ነበር፤ የማኅበሩ እመቤት በዚህ ቦታ ስትቀመጥ ያየች ገረድ ስለ እኩልነት ስብከት አያስፈልጋትም። ነህምያም የይሁዳ ገዥ ሆኖ ሲሾም፣ ሕዝቡ በዕዳ ተጨንቆ ስለነበር ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ከቅጥሩም ሥራ አልተለየም። ሁለቱ ባይተዋወቁም የሠሩት ሥራ አንድ ነው።

የዚህን ለውጥ ፈታኝ ጊዜ ገድሉ አልሸሸገም። የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ከተመለሰ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሠ በኋላ፣ ስሟ እየገነነ ሲሄድ ሊቃውንቱ ቅር አላቸው። ሴት ሆና ሳለች፣ ክህነትም ሳይኖራት፣ እንዴት መምህርና መሪ ትሆናለች አሉ፤ የጳውሎስንም መልእክት ጠቀሱ። መልስ የሰጠው አባ ፈትለ ሥላሴ ከሊቃውንቱ አንዱ ነበር። የመልሱ ጭብጥ በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር እርሷን ያስነሣት እኛን ሊገሥጸን ነው፤ እኛ በስደቱ ጊዜ ሥራችንን ስለጣልን መሪነታችንን ወስዶ ለእርሷ ሰጣት፤ ልታስቆሟት አትችሉም። የክርክሩ ሥር እንግዲህ ጾታ ብቻ አልነበረም፤ በመከራው ቀን የት ነበራችሁ የሚል ነው። ዋጋውን የከፈለ ሰው ሥልጣኑን ከየት አመጣህ ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም ማለቱ ነው። ሴቶች በየአጥቢያው ድግሱን፣ ጽዳቱንና መባውን ተሸክመው በስብሰባው ግን ከበር አጠገብ የሚቀመጡበትን ሁኔታ ላየ ሰው፣ ይህ የ17ኛው መቶ ዓመት መልስ ገና በሥራ ላይ አልዋለም።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመጀመሪያው ከላይ የጠቀስኩት የሱስንዮስ ምስል ነው። በገድሉ ውስጥ ንጉሡ ክፉ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አንድም ምክንያት አይሰጠውም። በዚህም ምክንያት መጽሐፉ ስለ ለውጥ ሊያስተምረን የሚችለውን ሌላውን ግማሽ ትምህርት ሳይነካ አለፈ። በ1632 በጋ መጨረሻ የላስታው መልክአ ክርስቶስ፣ ስሙ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ጋር የተገጣጠመ ሌላ ሰው ነው፣ ገበሬዎችን አስከትሎ መጣ። በወይና ደጋ ጦርነት ንጉሡ ድል አደረገ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው እንደጻፉት፣ በማግስቱ መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል እያዞሩ፣ የወደቁት እስላም ወይም አረመኔ ሳይሆኑ የራሱ ክርስቲያን ዜጎች መሆናቸውን አሳዩት። ከዚያም በሰኔ ወር ሰው ሁሉ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ወጣ፤ ሱስንዮስም ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በዚያው ዓመትም አረፈ፤ እርሱ ራሱ የካቶሊክ እምነቱን እንዳልተወ ይነገራል።

እኔ ሱስንዮስን ከጥፋቱ ነጻ ማድረግ አልፈልግም፤ የስድስት ዓመት ደም በእርሱ ላይ ነው። ነገር ግን አሸንፎ ሳለ ማቆሙ፣ ያመነበትን ነገር ሕዝቡ እንዲሸከመው ማስገደዱን መተዉ፣ በመጨረሻም ዋጋውን በዙፋኑ መክፈሉ ሊጻፍ የሚገባው ነበር። ይህ ወለተ ጴጥሮስ ከሽሽቷ ከተመለሰችበት ውሳኔ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ እርሷ ገና በመጀመሪያ የተረዳችውን እርሱ ዘግይቶ ተረዳው። ገላውዴዎስ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ኖሮ መጽሐፉ ይበልጥ ይጠነክር ነበር። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ለመጡት አማኞች ከባድ ሸክም አንጫን ብለው ሲወስኑ ያዩትን ነገር፣ ሜንዴዝ ሊያየው አልቻለም፤ ንጉሡ ግን በሬሳ መካከል ቆሞ አየው።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነው። በአንድ ክፍል ወለተ ጴጥሮስ ወጣት መነኮሳይያትን ባልተገባ ሁኔታ ታይና፣ በኃጢአት ከሚወድቁ ሞት እንዲወስዳቸው እግዚአብሔርን ትለምናለች፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ገላውዴዎስ ይህን እንደ ተሰማ ጸሎትና እንደ እናትነት ርኅራኄ ነው የሚያቀርበው። በዘመኑ አስተሳሰብ ነፍስን ማዳን ከሥጋ ሕይወት ይበልጣልና አመክንዮው ይገባኛል። ልቤ ግን አይቀበለውም። እስካሁን ድረስ የማኅበሩን ዋጋ ራሷ ትከፍል የነበረች እናት፣ በዚህ ቦታ ላይ ዋጋውን ከልጆቿ ሕይወት እንዲወሰድ ትጠይቃለች። ባሏ አገሩን ሲያስዘርፍ ወጥታ እጇን የሰጠችው ሴት ይህችው ናት ወይ? የቅድስናዋን ነገር ለመመርመር ሥልጣን የለኝም፤ መጽሐፉን ግን መጽሐፉ ራሱ ባቆመው መለኪያ መመዘን እችላለሁ፣ በዚያም መለኪያ ይህ ክፍል አይቆምም። የማኅበርን ንጽሕና ከአባላቱ በላይ ማስቀመጥ ብርቱ መሪዎችን ሁሉ የሚፈትን ፈተና ነው፤ ዛሬም በስም ማጥፋት፣ በማግለልና በውግዘት መልክ በየቤተ እምነቱ ይታያል። ገላውዴዎስ ይህን አለመሸሸጉን ግን አከብራለሁ፤ ቢሸሽገው ኖሮ ይህን መጠየቅ አንችልም ነበር።

ሦስተኛውን በአጭሩ ላንሣው። ከእርሷ ጋር የወጡት፣ ከእርሷም ጋር የተሰደዱት ገረዶች በመጽሐፉ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። እመቤታቸው መነኮሰች፤ እነርሱስ መርጠው ነው? ገላውዴዎስ አይጠይቅም። ለውጥን የሚመራ ሰው ፈቃዳቸውን ያልጠየቃቸው ሰዎች ሁልጊዜ አብረውት አሉ።

ዋጋውን የመጠየቅ ነገር ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስተከሉ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን በገበሬው እጅ ቀረ፤ ጅግና ለአንድ የሩዝ ዝርያ ስሟን እስከመስጠት ደረሰች። ምክንያቱ ሩዙ በጎርፍ የሚተኛውን፣ ሌላ እህል የማይሆንበትን መሬት መውደዱ ነው፤ ሰዉም ጥቂት ጥቂት እየሞከረ፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ እየጋገረ ወደ ቤቱ አስገባው። ዛሬ ወረታ የመፈልፈያ ማሽኖች ከተማ ናት፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ሆኖም ሩዙ የያዘው መሬት የግጦሽ መሬት ነበር። ቁመቱ ትልቅ፣ ወተቱ ብዙ የሆነው የፎገራ ከብት በዚያ ውሃ በሚተኛበት ሣር ላይ ያደገ ነው፤ ሣሩ ሲጠብ ከብቱም እያነሰ መጣ። ሩዙ መምጣት አልነበረበትም የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ግን ጥሩ ለውጥ እንኳ የሚከፍልለት ሰው አለ፤ ከብት አርቢው እንዲቆጠርለት ይገባል።

ገድሉን ስንዘጋ የሚቀረውን ነገር፣ ለውጡ ከመሪዋ በኋላ መቀጠሉን፣ ከ200 ዓመት በኋላ በዚሁ አካባቢ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ይበልጥ ያጎላዋል። ደብረ ታቦርን መቀመጫው ያደረገው ቴዎድሮስ የካህናቱን ቁጥር ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አድርጎ፣ የቀረውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገበሬ ሰጥቶ ግብር ሊያስከፍልበት አሰበ። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ ሠራዊቱ ባላገሩን እየበላ መኖሩን ሊያስቀር የፈለገ ንጉሥ ነው። ነገር ግን ካህናቱን አብረውት እንዲያስቡ አላደረገም፤ አዘዛቸው። ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣላ፣ አሰረው፤ በ1866 ጎንደርን አቃጠለ። በቅንነትም በጉልበትም ከቴዎድሮስ የሚበልጥ ጥቂት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ግን አልተወም። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ስታርፍ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረከበች። ማኅበሩ በሞቷ አልተበተነም። ገላውዴዎስ ብዕር ያነሣውም እንዲጻፍ የሚፈልግና የሚነግረው ሕያው ማኅበር ስለነበረ ነው።

ስለ ሥነ ጽሑፉም አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ገድል ቅዱሱን ከመጀመሪያው ገጽ ፍጹም አድርጎ ያቀርበዋል። ይህኛው የምትቆጣ፣ የምትታመም፣ የምታለቅስ፣ ሥልጣን ሲሰጣት የምትከራከር ሴት ነው የሚያሳየን። ጣና ሐይቅ ራሱ በውስጡ ሕያው ነው፤ የደንገል ታንኳ፣ ማዕበሉ፣ ታንኳውን የሚያሳድደው ጉማሬ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግእዙን በ1912 አሳትሞታል፤ በ1970 ላንፍራንኮ ሪቺ ወደ ጣልያንኛ መለሰው፤ በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ማብራሪያ ጨምረው አወጡት። የውጭው አንባቢ እንግዲህ በሚገባ ተዘጋጅቶለታል። ለወረታና ለደራ አንባቢ የሚያስፈልገው ግእዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘ፣ የቦታ ስሞቹን በዛሬው ወረዳና ቀበሌ የሚያሳይ፣ የሱስንዮስን ዜና መዋዕልና የኢየሱሳውያኑን ጽሑፍ በግርጌ የሚያነጻጽር እትም ነው። የቦታ ስሞቹ ገና በአካባቢው ሽማግሌዎችና በገዳማቱ መነኮሳት አፍ ላይ አሉ። የደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከትና የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በጋራ ቢይዙት ሥራው የሚቻል ነው፤ ሰበካ ጉባኤዎችም ከዚያ በፊት፣ አሁኑኑ፣ የሽሽቱን፣ የፈትለ ሥላሴንና የወጣቶቹን መነኮሳይያት ክፍሎች አውጥተው ቢወያዩባቸው፣ ሦስተኛውን ሳይዘሉ፣ እመክራለሁ።